ላምቤቦ ሰው ነበር

ልጅ እያለሁ ለቦታ ስም የሚያወጣው መንግሥት ይመስለኝ ነበር። ሆሳዕና ስንማር አስተማሪያችን ወረዳዎቹን በዜማ ያስጠኑን ነበር፤ ሌሞ፣ ሶሮ፣ ሻሾጎ እያልን ዴስክ እየደበደብን እንጮሃለን። የምንጮኸው የጎሳ ስም መሆኑን የነገረን የለም። የአባቴ አገር ሀንዴቦ የምትባል የገጠር ቀበሌ ናት። ከወንዙ ማዶ፣ በቦኖሻ በኩል፣ ላምቤቦ አለች። ለእኔ ሁለቱም የገበያ መኪና ሰው የሚያራግፍባቸው ቦታዎች ነበሩ፣ በቃ።

ታላቅ እህቴን ምሕረትን ሊያገባት የጠየቀው ዳዊት የላምቤቦ ሰዎች ልጅ ነው። ጤና ጣቢያ ይሠራል፤ የተዋወቁት ቤተ ክርስቲያን፣ መዘምራን ውስጥ ነው። ስሙ ሲነሳ ምሕረት የያዘችው ዕቃ ከእጇ ያመልጣታል፣ እኔም በዚሁ ሳበሽቃት እውላለሁ። በእኛ ዘንድ ጋብቻ ሲታሰብ ከሁሉ በፊት ዘር ይጠየቃል፤ ከአንድ አባት የወጡ ሰዎች ስንት ትውልድ ቢያልፍም አይጋቡም። ሁለቱም ቤተሰቦች ግን ከተማ ገብተው ስለከረሙ፣ ሲጠየቁ የመጡበትን ቀበሌ ስም ተናገሩ። ስሙ ለየቅል ስለሆነ ማንም አልተጨነቀም።

ሽማግሌዎቹ የመጡ ቅዳሜ ቤታችን ለክብር እንግዳ በሚሠራው የቡላ ምግብ፣ በአታካናው፣ ላይ በፈሰሰው ቅቤ ታውዶ ነበር። አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ ለዕለቱ ብለው ከገጠር መጥተዋል። እንደ ወጉ የአባቶች ስም ይቆጠር አሉ። የዳዊት አጎት ከአባቱ ጀምሮ ወደ ላይ ቆጠረና ላምቤቦ ላይ ሲደርስ ፈገግ አለ።

"ይሄ እንግዲህ የአገራችን ስም ነው፤ ከዚህ በላይ አላውቅም።"

አያቴ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

"አገር አይደለም ልጄ፣ ሰው ነው። የአባታችን የሀንዴቦ ታናሽ ወንድም። በግጦሽ ተጣልተው ወንዙን ተሻገረ፣ የሰፈረበትም መሬት በስሙ ተጠራ።"

ክው አልኩ። አንድ ሰው ስቆ ነገሩን ቀልድ እንዲያደርገው ብጠብቅ የሚስቅ ጠፋ። አባቴ፣ "ታዲያ ምን ሊሆን ነው?" አለ።

"ምን ይሆናል? እህትና ወንድም ናቸዋ" አሉ አያቴ።

ምሕረት ከጓዳ ወጣች። ሽማግሌ ፊት እንዲያ ስትቆም አይቻት አላውቅም። "ሌላ የሚያውቅ ሰው ይጠየቅልኝ" አለች። ተጠየቀ፤ በሁለቱም ቀበሌ ያሉ አዛውንቶች ያሉት ያንኑ ነው። በሣር ተጣልቶ ወንዝ የተሻገረ፣ መቃብሩ እንኳ የማይታወቅ ሰው የእህቴን ሠርግ አፈረሰው። ከዚያ በኋላ በዜማ ያጠናኋቸውን ስሞች ስሰማ መፍራት ጀመርኩ።

ዛሬ የከተማችን ወጣቶች በስልክ ተዋውቀው ይጋባሉ፤ የቀበሌ ስም መታወቂያ ላይ ከመጻፍ ያለፈ ትርጉም የለውም። አንዳንዴ እቀናባቸዋለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ እፈራላቸዋለሁ። ምሕረትም ዳዊትም ሌላ አግብተው ወልደዋል። አምና አባታችን ሲያርፍ ዳዊት መጣና አስከሬኑን ከወንድሞቼ ጋር ተሸከመ። ምሕረት ትከሻው ላይ ተደፍታ ብዙ አለቀሰች፣ ማንም ነውር ነው አላለም።

ልጄ ጠጋ ብላ፣ "እማዬ፣ ሰውየው ማነው?" አለችኝ።

"አጎትሽ ነው" አልኳት። አልዋሸኋትም፤ እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝም ይኸው ነው።