የወጌሻው ቅቤ ያስገባብኝ ጎል

ምን አልክ? ፈርቼ ነው የለቀቅኳት? እኔ? ስንቱን ኳስ ከአየር ላይ እንደ ሎሚ የቀለብኩ የሰበታ በረኛ? ንጉሥ ይሙት፣ ቅቤው ነው!

ስሙኝ ጓደኞቼ። ትናንት ልምምድ ላይ አውራ ጣቴ ወለቀና ወጌሻው ኦቦ ቶላ ጋ ሄድኩ። "ጃባዱ! በርታ ልጄ" እያሉ በቅቤ አሽተው ቀጭ አድርገው መለሱት።

"ሦስት ቀን ውሃ እንዳታስነካው፣ ተቆልምሞ ይቀራል" አሉኝ። የሳቸውን ቃል ማን ይጥሳል? አላጠብኩትም።

ዛሬ ደግሞ ለአዲስ አበባ ክለብ በረኛ የሚመርጥ ሰው መጣ። ጠዋት በብርዱ ሦስት ከባድ ኳስ ያዝኩለት፣ ሰውየው ፈገግ አለ። ከዚያ ፀሐይ ወጣች፣ ቅቤው ቀለጠ።

ሕፃን የሚይዛት ኳስ ከእጄ ሙልጭ ብላ ገባች!

"ግብ ልትጠብቅ ነው የመጣኸው ወይስ ወጥ ልትሠራ?" አለኝ መራጩ። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። (የሜዳው ውሻ ሳይቀር እጄን ሊልስ መጣ።)

"ጌታዬ፣ አንድ ዕድል ይስጡኝ" ብዬ ለመንኩት። እኔ! ለመንኩ!

"ነገ ቀትር ላይ ቡራዩ ሌላ በረኛ አያለሁ። እዚያ መጥተህ ካልያዝክ በቃ፣ እሱን እወስዳለሁ።"

ትምህርቱን ሦስተኛ ክፍል ላይ ትቼዋለሁ፤ ከኳስ ሌላ የማውቀው የለም። ባጥበው ጣቴ፣ ባላጥበው ዕድሌ ሊሄድ ነው። አውራ ጣቱ የተቆለመመ በረኛ ደግሞ የት አይታችኋል?

የወጌሻ ቅቤ ቀኑ ሳይሞላ ያጠበ አለ? ጣታችሁ ዳነ ወይስ ቀረ? ሳሙናውን ይዤ ተቀምጫለሁ፣ አሁኑኑ መልሱልኝ!