የወንድሜ ጠረጴዛ መብራት

ወንድሜ የከባድ መኪና ረዳት ነበር። ከጅቡቲ ጭነው ሲመለሱ፣ ሰርዶ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው መኪናው ተገለበጠ። ሹፌሩ እጁ ተሰብሮ ተረፈ። የወንድሜ ግን አከርካሪው ተጎዳና ከወገቡ በታች ያለው ሰውነቱ አልታዘዝ አለው። ወራት ከፈጀ ሕክምና በኋላ በዊልቸር ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ እናታችን ቤት ሲመለስ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። እኔ እህቱ በአራት ዓመት እበልጠዋለሁ።

እናታችን ከወሎ መጥታ አዋሽ የቀረች ናት። ከባድ መኪኖች ከሚቆሙበት መንገድ ዳር ለሹፌሮች ቁርስ ቤት አላት። ከቁርስ ቤቱ ጀርባ ባለችው ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍሎች አሉን። አንዱ የእሷ ነው። ሌላው ድሮ ከሰልና የለስላሳ ሳጥን የምታስቀምጥበት፣ ከድንጋይ የተሠራ፣ አንዲት ትንሽ መስኮት ያለችው ጠባብ ቤት ነው። ደረጃ ስለሌለው ለዊልቸር ይመቻል ተብሎ ወንድሜ እዚያ ገባ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ራሱ እየገፋ ይወጣና ግቢው በር ላይ ተቀምጦ መኪኖቹን ያያል። ከሩቅ በድምፃቸው ይለያቸው ነበር።

እኔ ያኔ ሰመራ፣ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ተቀጥሬ ነበር። ሥራውን ያገኘሁት እሱ ከሆስፒታል በወጣ በሁለተኛው ወር ነው። እናቴ በደስታ በዚያ ቀን የመጣውን ሹፌር ሁሉ ሻይ ጋበዘች። የመንግሥት ሥራ፣ ያውም በትምህርቴ። ሰመራ ደርሼ የተከራየኋት ክፍል ግን ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ እንደ ምድጃ ትግላለች። ቅዳሜና እሑድ ወዴት ይኬዳል? በሩን ከፍቼ ውጭውን አያለሁ፣ ነፋሱ ፊቴን ሲለበልበኝ መልሼ እዘጋለሁ። ወለሉን ውኃ አርከፍክፌበት ጀርባዬን ሰጥቼ እተኛለሁ። ለእናቴ ስደውል ግን «አልሐምዱሊላህ፣ ተመችቶኛል» እላታለሁ።

ጅቡቲ ያለው አጎታችን ለወንድሜ ኮምፒውተር ላከለት። ኳስም ይጫወትበታል፤ አብዝቶ የሚወደው ግን ጭነት መኪና የሚነዳበትን ጌም ነው። ረዳት ሆኖ ሦስት ዓመት ሲሠራ መሪ ይዞ አያውቅም ነበር። አሁን በማያውቃቸው አገሮች አስፋልት ላይ ሃያ ቶን ጭኖ ይነዳል፤ ማርሽ ሲቀይር እንኳን ትከሻው አብሮ ይንቀሳቀሳል።

በቴሌግራም ቪዲዮ ይልክልኝ ነበር። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሆነ አገር ያለ ልጅ ክፍል፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ ከስክሪኑ ኋላና ከጠረጴዛው ጠርዝ ሥር እንደ ሪባን የተለጠፈ መብራት። ሰማያዊው ወደ ሐምራዊ፣ ሐምራዊው ወደ ቀይ ይፈስሳል። «ግዢልኝ» አላለኝም። «እዪልኝማ» ብቻ ነው የሚለው። ከአደጋው ወዲህ አንድ ነገር ሲያምረው ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሰመራ አጠገብ ካለችው ሎጊያ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄድኩ። ባለ ሱቁ ሁለት ጥቅልል አወጣልኝ።

«ይሄ በሪሞት ነው፤ ሙሉው አንድ ቀለም ነው የሚሆነው። ይሄኛውን ግን በስልክ ነው የምታዢው፤ እያንዳንዷን አምፖል ለብቻዋ የፈለግሽውን ቀለም ትሰጫታለሽ።»

ሁለተኛውን ወሰድኩ። አምስት ሜትር ነው። «ፀሐይ እንዳያገኘው፤ ሙጫው ይለቃል» ስላለኝ ለኢድ ወደ አዋሽ ስሄድ ከሻንጣዬ ጋር የአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አልጫንኩትም። ሚሌን፣ ገዋኔን አልፈን አዋሽ እስክንገባ በነጠላዬ ጠቅልዬ ጉልበቴ ላይ ይዤው ነበር።

ለመብራቱ ጠረጴዛ ያስፈልገው ነበር። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው አናጢ ዘንድ ሄድኩ። ሙሉ ቺፑድ ሳይቆረጥ፣ ሁለት ሜትር ከአርባ እንዲሆንልኝ ነገርኩት።

«ቤቱ ይችለዋል?» አለኝ።

«ይችለዋል፤ ለክቻለሁ።»

የለካሁት ግድግዳውን ነበር።

ጠረጴዛውን በብረት ማዕዘን ከግድግዳው ጋር አሰርነው። አልጋው ወደ በሩ ተገፋ። ብርሃኑ ቀለሙን እንዳያደበዝዘው መስኮቷን በካርቶን ሸፈንኳት። ከዚያ ወንድሜ አልጋው ላይ ሆኖ እያዘዘኝ፣ እኔ ጠረጴዛው ሥር በጀርባዬ ተኝቼ መለጠፍ ጀመርኩ። ዊልቸሩን ቦታ እንዳይዝብን ግቢ አውጥተነዋል። ሙጫው በአዋሽ ሙቀት አልይዝ ብሎ አንዱን ጫፍ ስለጥፍ ሌላው ይወድቃል። በመጨረሻ በሲሊኮንና በትናንሽ የሽቦ መያዣዎች አጸናነው። ሁለት ቀን ፈጀብን።

ስናበራው ያ የከሰል ቤት ሌላ ሆነ። እናቴ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች መጥታ በሩ ላይ ቆመችና «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» አለች። ወንድሜ ስልኩን ይዞ የስክሪኑን ኋላ ሰማያዊ፣ ጎንና ጎኑን ብርቱካናማ አደረገው።

«የኋላ ፍሬቻ ነው» አለኝ። «እዚህ ጋ ያሉትን ስድስቱን ደግሞ ቀይ አደርጋቸዋለሁ፤ የፍሬን መብራት።»

ሳቀ። ቪዲዮ ቀረጽኩትና ለማውቀው ሰው ሁሉ ላክሁ። በማግስቱ ማለዳ እሱ ሳይነሳ ወደ ሰመራ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ በቪዲዮ ስደውል ሁልጊዜ የማየው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። ፊቱ አንዴ ሰማያዊ፣ አንዴ አረንጓዴ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብደውልም፣ ድሮ በር ላይ በሚቀመጥበት ሰዓት፣ እዚያው ነው።

«ዛሬም አልወጣህም?»

«ነገ እወጣለሁ።»

እናቴን ስጠይቃት «ደህና ነው፤ ጌሙን ይጫወታል» ትላለች፤ ቶሎ ብላ ወሬ ትቀይራለች። ጥፋቱ የመብራቱ መሰለኝ። ልጁን እኔው ራሴ ከስክሪን ጋር አጣበቅኩት ብዬ ከነከነኝ። ሰመራ ያችን ክፍል ዘግቼ ተኝቼ የእሱን ክፍል አስባለሁ። አንድ ቀን ብስጭቴን መቆጣጠር አቃተኝ።

«ምነው እንዲህ ሰነፍክ? እግርህ እንጂ እጅህ ምን ሆነ? ገፋ አድርገህ ውጣ እንጂ!» አልኩት።

ቀለሙ ፊቱ ላይ ሁለቴ ሲቀያየር አየሁ። «እሺ፣ እታለም» ብሎ ዘጋው። እታለም የሚለኝ ከልጅነታችን ጀምሮ ነው፤ ሲከፋው ድምፁ ይቀጥናል።

ከኢድ በሦስተኛው ወር ፈቃድ ወስጄ ሳልናገር ሄድኩ። አዋሽ ስደርስ ቀኑ ገና ስምንት ሰዓት ነበር። ከተማው መብራት ከጠፋበት ሁለተኛ ቀኑ ነው። እናቴ ጢም ባለው ቁርስ ቤት ውስጥ ሳህን ተሸክማ ስታየኝ ከመደሰቷ በፊት ደነገጠች። «ቆይ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ፣ ውኃ ጠጪ» አለችኝ። እኔ ግን ሻንጣዬን ጥዬ ወደ ጓሮ አለፍኩ።

የወንድሜ በር ገርበብ ብሏል። ገፋሁት፤ ግማሽ ያህል ተከፍቶ የሆነ ነገር መታ። ውስጡ ጨለማ ነው፤ መስኮቷ በካርቶኔ እንደተሸፈነች ናት። ሙቀቱ ፊቴን መታኝ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ በሩን የያዘው ዊልቸሩ መሆኑን አየሁ። አንዱ ጎማ ከአልጋው ብረት፣ ሌላው ከጠረጴዛው ጫፍ ጋር ተወትፏል። ወንድሜ እላዩ ላይ ነው። ካናቴራው በላብ ከሰውነቱ ተጣብቋል፤ ከንፈሩ ተሰንጥቋል። የቀኝ እጁ ጣቶች ተልጠዋል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ልወጣ ሞክሬ ነው» አለ። «ማራገቢያው ሲቆም መተንፈስ አቃተኝ። አይዞርም እኮ፣ እታለም። ጠረጴዛው ከገባ ጀምሮ አይዞርም።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ወለሉን አየሁ። በአልጋውና በጠረጴዛው መሀል የቀረው ቦታ ዊልቸሩን ወደ ፊት ያስገባል እንጂ አያዞርም። ወደ ኋላ ሲመጣ ደግሞ የአልጋው እግር ይይዘዋል። እኔ ያን ጠዋት ስሄድ ዊልቸሩ ግቢ ነበር። ሲመልሱት አላየሁም።

እናቴ ከኋላዬ ደርሳ ነበር። ሁለታችን አልጋውን አንስተን አንድ ስንዝር ስናርቀው ጎማው ለቀቀ። ወደ ኋላ ጎትተን ወደ ግቢ አወጣነው። ብርሃኑ ዓይኑን ስለወጋው በክንዱ ሸፈነ።

«እንዴት ነበር ሽንት ቤት የሚሄደው?» አልኳት።

እናቴ መሬት መሬት እያየች ነገረችኝ። ጠዋትና ማታ የቁርስ ቤቱን የሻይ ሠራተኛ ትጠራለች። አልጋ ላይ ያስተኙታል፣ ዊልቸሩን አጥፈው ያወጡታል፣ ከዚያ እሱን አቅፈው ያወጡታል። በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ። በመሀል ሰው ላለማስቸገር ብሎ ወንድሜ ቀን ቀን ውኃ መጠጣት ትቷል። በአዋሽ ሙቀት፣ ሦስት ወር። ኩላሊቱን ሲያመው ጤና ጣቢያ ወስዳዋለች። ይህንንም አልሰማሁም።

«ለምን አልነገርሽኝም፣ እማ?»

«አስማለኝ። ወላሂ በይ አለኝ፤ ወላሂ አልኩት። ምን ላድርግ?»

ወደሱ ዞርኩ። ክንዱን ከዓይኑ አላነሳም።

«ያን ሁሉ መንገድ ጉልበትሽ ላይ ይዘሽው መጥተሽ» አለኝ። «እንደዚያ ደስ ብሎሽ አይቼሽ አላውቅም። ደግሞ መብራቱን ወድጄዋለሁ። ውሸቴን አይደለም፤ ሲበራ ሌላ ቦታ ያለሁ ይመስለኛል። ቆርጣችሁ አሳጥሩት ብል ሁሉም የሚበላሽ መሰለኝ።»

በስልክ ሰነፍክ ያልኩት ትዝ ሲለኝ እዚያው ግቢ መሬት ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። እናቴ አንድ ጆግ ውኃ አምጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ሳይተነፍስ ጨለጠው።

አናጢውን ጠራሁት። መብራት ስለሌለ የእጅ መጋዝ ይዞ መጣ። በዊልቸሩ እየለካን፣ በበሩ በኩል ካለው ጫፍ ሰማንያ ሳንቲሜትር እንዲቆረጥ ወሰንን። ችግሩ መብራቱ ነበር። መቀሱን ይዤ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። የትም ቢቆረጥ የሚሞት መሰለኝ።

ወንድሜ ከደጅ ሆኖ ጮኸ። «በየአምፖሉ መሀል የመዳብ ነጥቦች አሉ፤ በነሱ መሀል መስመር አለች! መስመሯ ላይ ብቻ ነው የሚቆረጠው! ከገመዱ በኩል እንዳትቆርጪ፣ ከመጨረሻው በኩል!»

«አንተ ይህን ታውቃለህ እንዴ?»

«ሦስት ወር ሌላ ምን ሥራ አለኝ?»

ቆረጥኩት። አናጢው እየገዘገዘ፣ የቺፑዱ ብናኝ ላባችን ላይ እየተጣበቀ፣ ሥራው አንድ ሰዓት ያህል ወሰደ። ካርቶኑንም ከመስኮቷ አነሳሁት። አልጋው ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ ሁላችንም ወጥተን ለወንድሜ መንገድ ለቀቅን። ራሱ ገፍቶ ገባ። ውስጥ ሲዞር የጎማው ድምፅ ይሰማናል። ተመልሶ ፊቱን ወደ እኛ አድርጎ ወጣ። ደግሞ ገባ፣ ደግሞ ወጣ። አራተኛው ላይ እናቴ «በቃህ፣ አብሽር» ብላ ራሱን ዳሰሰችው።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ እኔና ወንድሜ በር ላይ ተቀመጥን። ስለ ሰመራ ሲጠይቀኝ እንደለመድኩት «ደህና ነው» ልለው ነበር። አልቻልኩም። በሩን ከፍቼ መልሼ እንደምዘጋ፣ ቅዳሜ የሚባል ቀን እንደምጠላ፣ እናቴ ለሹፌሮቹ ያፈላችው ያ ሁሉ ሻይ እያሰረኝ «መልሱኝ» ማለት እንዳቃተኝ ነገርኩት። ረጅም ሰዓት ሰማኝ።

«ዝውውር ጠይቂ» አለኝ። «እማን ለእኔ ተይልኝ።»

መብራት የመጣው በማግስቱ ነው። ሪባኑን ስናበራው ቀለሞቹ ቦታቸውን ስተው ነበር፤ ፍሬኑ አረንጓዴ ሆኖ አረፈው። ወንድሜ ስልኩ ላይ የአምፖሎቹን ቁጥር ቀንሶ እንደገና አንድ በአንድ አስተካከላቸው።

የዝውውር ማመልከቻዬ ገብቷል፤ መልስ ግን የለም። ሁለት ጊዜ ጠይቄያለሁ፣ ቦታ የለም ብለውኛል። አሁንም ሰመራ ነኝ፤ ክፍሌ ያችው ናት። ስደውል ወንድሜ አንዳንድ ቀን ከቁርስ ቤቱ ጥላ ሥር ከሹፌሮች ጋር ሆኖ ያነሳዋል፤ የመኪና ጡሩምባ ስለሚበዛ መደማመጥ ያቅተናል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ክፍሉ ውስጥ፣ ሰማያዊው ብርሃን ፊቱ ላይ ሆኖ አገኘዋለሁ። ለምን አልወጣህም ስለው «ዛሬ አላሰኘኝም» ይላል። አምነዋለሁ።