ክፉውን ሰው የሚጫወተው የሺዋስ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሺዋስን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ቤቱ ውሃ ያላስገባ ነው፣ ወይ ቴአትር አይቶ አያውቅም። የሺዋስ ቀን ቀን ቤት ለቤት እየዞረ የውሃ ቆጣሪ ያነባል። በዓል ሲመጣ ደግሞ በከተማችን የኪነት ቡድን መድረክ ላይ ሰው ይገድላል፣ መርዝ ይቀላቅላል፣ ድሃ ያፈናቅላል፣ የሰው ሚስት ይቀማል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ከኋላው ከበሮ የመታሁለት እኔ ነኝ።

ጥፋቱ የድምፁ ነው። የተወለደው ደብረ ኤልያስ ነው፤ በልጅነቱ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ተምሯል። ሲጎረምስ ግን ድምፁ ወረደ፣ ወረደና ከጉድጓድ የሚወጣ መሰለ። እኛ አገር ደግሞ የፍቅር ዘፈን የሚወደደው በቀጭን ድምፅ ነው፤ ወንዱ ድምፁን ሽቅብ ካልሰቀለ አፍቃሪ ነው ብሎ የሚያምነው የለም። አዘጋጃችን አቶ አካለ ወልድ ገና በመጀመሪያው ቀን አንድ ስንኝ አዘፈኑትና፣ "ይሄ ድምፅ ለፍቅር አይሆንም፤ ለግፍ የተፈጠረ ነው" አሉት። ሰውየው አፋቸው እንዲህ ነው። የሺዋስ ሳቀ። አጠገቡ ስለነበርኩ ግን ሳቁ ከአንገት በላይ እንደሆነ አይቻለሁ።

ቴአትሮቻችን ግማሹ ንግግር፣ ግማሹ ዜማ ናቸው። የሺዋስ ፊታውራሪ ሆኖ ካባውን እየጎተተ ገብቶ ያን ወፍራም ድምፁን ሲለቀው አዳራሹ ጭጭ ይላል፤ የከበሮዬ ቆዳ ሳልነካው ሲንቀጠቀጥ በእጄ ይሰማኛል። ከዚያ ስድቡ ይወርዳል። "አረመኔ!" "መሬት ትዋጥህ!" ለእሱ ጭብጨባው ይኸው ነው። ሉማሜ ያሳየን ጊዜ አንዲት አሮጊት መድረኩ ላይ ወጥተው በዣንጥላቸው ትከሻውን አቅምሰውታል። ደጀን ላይ ደግሞ የሻይ ቤቱ ባለቤት "ለዚህስ አልቀዳም" ብላ በግድ ነው ያስማማናት። የሺዋስ ይህን ሲያወራ ሽልማት እንደተሰጠው ሰው ደረቱን ይነፋል።

የሚመኘው ግን ሌላ ነበር። ሽታዬን ይወዳል። ሽታዬ የቡድናችን ዋና ተዋናይት ናት፤ የሕፃናት መምህርት፣ ባሏ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት የሆናት ሴት። በየቴአትሩ የሺዋስ ያስፈራራታል፣ ያስራታል፣ ያስለቅሳታል፤ መጨረሻ ላይ የሚያገባት ግን ሁልጊዜ አበረ ነው፣ ያ ቀጭን ድምፅ ያለው ፀጉር አስተካካይ። የሺዋስ የሌላውን ሰው ቆጣሪ ቆሞ እንኳን ሳያነብ ያልፋል፤ የእሷን ለማንበብ ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። "ለምን አትነግራትም?" ብዬ ብጠይቀው፣ "በዚህ ድምፅ ብነግራት ልቀማት የመጣሁ ይመስላታል። አንድ ቀን በዜማ ብነግራት ነበር" አለኝ። አንጀቴን በላው።

ዘንድሮ ሽታዬ ጠቅልላ ባሕር ዳር ልጇ ዘንድ ልትሄድ መሆኑ ተሰማ። የፋሲካው ቴአትር የመጨረሻዋ ሆነ ማለት ነው። ሦስት ቀን ሲቀረው የአበረ ጉሮሮ ተዘጋ። የሺዋስ አበረ የሚዘፍነውን ሁሉ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ሲያጠና የኖረ ሰው ነው፤ "እኔ እችለዋለሁ" አለ። አቶ አካለ ወልድ ጭንቅላታቸውን ይዘው ቆዩና እሺ አሉ። የፊታውራሪውን ካባ ራሳቸው ለበሱት።

በቀኑ የሺዋስ ነጭ ጋቢ ለብሶ ወጣ። ሽታዬ ምንጭ ዳር እንስራዋን ይዛ ተቀምጣለች። ከበሮውን ቀስ አድርጌ መታሁለት፣ ጀመረ። ያ ድምፅ እንዲያ ለስልሶ ሰምቼው አላውቅም። "ስንት ዘመን ከደጅሽ ቆሜአለሁ" የሚለው ላይ ሲደርስ እኔው ምቱን ልስት ነበር።

ከኋላ አንዲት ሴት ብድግ አለች። "እህቴ፣ እንዳታምኚው! ሊያታልልሽ ነው!"

አዳራሹ ተቀበላት። "ጋቢ ለብሶ መጣ! ሽሺ!" "ከጋቢው ሥር ቢላዋ ይዟል!" ወጣቶቹ ስልካቸውን ደቅነው እየቀረጹ ይጮሃሉ። እነዚህ ሰዎች የሺዋስን ሲፈሩ ያደጉ ናቸው፤ ዛሬ አፍቃሪው እሱ ነው ተብሎ መጀመሪያ ላይ ቢነገራቸውም ማን ጆሮ ሰጥቶ? የሺዋስ አላቋረጠም። ዜማውን እስከ መጨረሻው አድርሶ፣ በድርሰቱ እንደተጻፈው እጁን ዘረጋ። ሽታዬ እጇን መስጠት ነበረባት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

እጇን የሰጠችው ቆይታ ነው። መጋረጃው ሲዘጋ፣ "የሺዋስ፣ ይቅር በለኝ፤ ሳላስበው ነው። እውነቴን ነው፣ ደነገጥሁ" አለችው።

"ምንም አይደል፤ ልማድ ነው" አላትና ጋቢውን አጥፎ አስቀመጠ። በከተማው ሰው እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ግን ማንን ልቆጣ? ያስለመድናቸው እኛው ነን።

በሳምንቱ ጠዋት የቡድኑ ሰው ሁሉ ልንሸኛት መናኸሪያ ወጣን። አንድ በአንድ ሳመችን። የሺዋስ ጋ ስትደርስ፣ "ከሁሉ የምትናፍቀኝ አንተ ነህ" አለችው።

የሺዋስ ቀና አለ።

"ያ ማስፈራራትህ! ባሕር ዳር እንዳንተ ማን ያስፈራራኛል? በል እስቲ፣ ለመጨረሻ አንዴ አስፈራራኝና ልሂድ" ብላ እየሳቀች አውቶቡሱ ውስጥ ገባች።

የሺዋስ አየር ሳበ።

"አትሄጂም!"

መናኸሪያው ቀጥ አለ። የሚጣሩት ረዳቶች አፋቸውን ያዙ፤ ተሳፋሪው አንገቱን በመስኮት አወጣ።

"አትሄጂም ብዬሻለሁ!"

ሰዉ ሁሉ አጨበጨበለት። ሽታዬም በመስኮት በኩል፣ ከሳቋ ብዛት እንባዋን እየጠረገች፣ አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ድረስ አጨበጨበችለት።