ሳምንት ዘግይቶ የደረሰው ንባብ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ! ከአምቦ እስከ ባኮ አውቶቡስ ላይ ቆሜ ነው የመጣሁት፤ ድካሙ ግን የት እንደገባ እንጃ! ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ብመለስ ሆዴ አይችለውም፤ ስለዚህ ፍቀዱልኝና ልመስክር። አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እንዳትደነግጡ። እኔ ካቶሊክ ነኝ። አሃ! ሳቃችሁ! ያቺ እህት ደግሞ ዳባን ዞር ብላ አየችው፤ ‹ያ ወንድምህ ይሄ ነው?› እንደ ማለት። አዎ፣ እኔው ነኝ። ገመቹ ቶሌራ እባላለሁ፣ አስተማሪ ነኝ፣ የዚህ ቤት ባለቤት የዳባ ታላቅ ወንድም ነኝ። ስለ እኔ ምን እንደነገራችሁ አላውቅም፤ ክፉ ነገር ከነገራችሁ እውነቱን ነው። እኛ በቤተ ክርስቲያናችን እንደ እናንተ ጮክ አንልም፤ ዛሬ ግን አልቻልኩም። ሃሌ ሉያ! ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን!

አባታችን ኦቦ ቶሌራ ከአምቦ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ የካቶሊክ ጸሎት ቤት ካቴኪስት ነው። ለማታውቁት፣ ካቴኪስት ማለት ካህን በሌለበት ሕዝቡን የሚያስተምርና ጸሎት የሚመራ ሰው ነው። ካህናችን አባ ሉቃ የሚባሉ ሽማግሌ ፈረንጅ ናቸው፤ ብዙ ጸሎት ቤት ስላለባቸው ወደ እኛ የሚመጡት በወር አንድ እሑድ ነው። በቀሩት እሑዶች አባዬ ይመራል። የዕለቱ ንባብ በአማርኛ ይነበባል፣ በኦሮምኛ ይተረጎማል፣ እንጸልያለን፣ ሰው ካለው ላይ መባ ያቀርባል። የትኛው እሑድ ምን እንደሚነበብ አባ ሉቃ የወሩን በወረቀት ጽፈው ይሰጡታል። ይህችን ወረቀት ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ!

እንግዲህ ቃሉ እሑድ እሑድ ይነበብልናል፤ አልተነበበም የሚል ሰው ይዋሻል። ቤት ስንገባ ግን መጽሐፍ ቅዱስ የሚከፍት አልነበረም። አባዬ ራሱ ብዙውን በቃሉ ያውቀዋል እንጂ ‹ልጆች፣ ቁጭ በሉና አንብቡ› ብሎን አያውቅም። ማንበብ የአባ ሥራ ነው፣ የእኛ ሥራ መስማት ነው ብለን አደግን። መስማቱንም እንጃ!

ዳባ አምቦ ሁለተኛ ደረጃ ሲማር ከእናንተ ወገን ከሆኑ ልጆች ጋር ገጠመና መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ መጣ። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ‹እናንተ መጽሐፉን በጨርቅ ትጠቀልሉታላችሁ፣ ትስሙታላችሁ፣ ውስጡን ግን አታዩትም› አለን። አባዬ እንጀራውን መቁረሱን ቀጠለ። የነደድኩት እኔ ነኝ! ለሃይማኖቴ ቀንቼ እንዳይመስላችሁ። እኔማ ያኔ በውይይት ክበብ ካድሬው ፊት ቆሜ ‹ሃይማኖት የኋላ ቀር ሰው ነገር ነው› የምል ሰው ነበርኩ። የነደድኩት ታናሼ አፉን ስለከፈተብኝ ነው። ደግሞም ፈርቻለሁ፤ ጴንጤ የተባለ ሰው ቀበሌ እንደሚጠራ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። የመምህሩ ወንድም ጴንጤ ሆነ ቢባል እንጀራዬስ? መጽሐፉን ከእጁ ነጥቄ በቆርቆሮ ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት። ‹ወይ ይሄ ነገር ይቀራል፣ ወይ አንተ ከዚህ ቤት ትወጣለህ!› አልኩት።

‹እሺ፣ ጋሼ› አለኝና ወጣ። ወጣ ስላችሁ ወጣ! እዚህ ባኮ ገብቶ በቆሎ እርሻው ላይ ሥራ ያዘ። ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፁን አልሰማሁም። ሰላምታ ሲልክ ‹አልተቀበለም በሉት› እል ነበር። ለአባዬ ሲልክ ደግሞ መልእክተኛውን በሩ ላይ አስቆመው ነበር። ልቤ ድንጋይ ነበር፣ ወገኖቼ! ጌታ እንዲህ ያለውን ሰው ነው የፈለገው፤ ስሙ ይባረክ!

ከዚያ የአባዬ ዓይን መጋረድ ጀመረ። መስከረም ላይ ፊደል አነሰብኝ አለ፤ ገና ሲደርስ ሰው የሚለየው በድምፅ ሆነ። አምቦ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ መብራት አብርቶ አየውና፣ ‹ሞራ ነው። አዲስ አበባ ሄደው ከተሠራላቸው ያያሉ። እያቆዩት ከሄዱ ግን ውስጡ ይጎዳል፤ ያኔ እኔ ምንም አልልህም› አለኝና ሪፈር ጻፈልን። ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ደስ ብሎኝ ስወጣ አባዬ በረንዳው ላይ ቁጭ አለ።

‹አልሄድም› አለኝ።

‹ምን ማለትህ ነው? ታያለህ ተብሎ!›

‹ዓይኔ ቢበራ ምን ላይ ሊበራ ነው? ሁለት ልጆቼ ጀርባ ሲሰጣጡ ለማየት? ዳባ ቤቱ ይግባ፣ ያን ቀን ውሰደኝ።›

ለመንኩት። ተቆጣሁት። ጎረቤት አስለመንኩት። ወይ ፍንክች! ግትርነቱን ከማን እንዳመጣሁት አያችሁ። አንድ ደብዳቤ ለዳባ ብጽፍ ያበቃ ነበር፤ አልጻፍኩም። አባቴ ከሚታወርና እኔ ቀድሜ ከምናገር የቱ ይሻላል ቢባል፣ እናንተ፣ ልቤ ምን እንደመረጠ ለመናገር አፍራለሁ። ሐኪሙ የሰጠን ጊዜ እያለቀ እኔ አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

የካቲት ሲገባ አባዬ ማንበቡን ጨርሶ ተወ። ጸሎት ቤቷ ውስጥ ደግሞ አማርኛ አጥርቶ የሚያነብ ሌላ ሰው የለም። ‹አንተ አንብብ፣ እኔ አጠገብህ ቆሜ እተረጉማለሁ› አለኝ። ዓይኑን እምቢ ብዬው ይህንንም እምቢ ልበለው? እሺ አልኩ። የአባ ሉቃን ወረቀት ሰጠኝ። ወረቀቷ ላይ ‹የካቲት 1፣ የካቲት 8፣ የካቲት 15፣ የካቲት 22› ተብሎ አጠገቡ የሚነበበው ተጽፏል። ካላንደር አየሁ፤ ሁሉም እሑድ ላይ ይውላሉ። ደግ! የጸሎት ቤቷን መጽሐፍ ስከፍት ግን የማቴዎስን ግማሽ ምስጥ በልቶታል። አባዬ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ በቃሉ ሲወጣው ኖሯል፤ ስንት ጊዜ ሳይከፈት እንደከረመ አስቡት! ቸገረኝ። ቤት ሄጄ የቆርቆሮ ሳጥኔን ከፈትኩና የዳባን መጽሐፍ ቅዱስ አወጣሁ።

የመጀመሪያውን እሑድ አነበብኩ። ሁለተኛውንም አነበብኩ። እንዴት ነው ያነበብኩት? የቀበሌ ማስታወቂያ እንደማነብ! ቃሉ በአፌ ይወጣል፣ እኔ ዘንድ የሚቀር የለም።

ሦስተኛው እሑድ ደረሰ፣ የካቲት ዐሥራ አምስት። በዚያ ቀን መባ ብዬ አንድ እንቅብ ጤፍ ይዤ እግሬ ሥር አስቀምጬዋለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር አነባለሁ፣ አባዬ በኦሮምኛ ይመልሰዋል፤ እንዲህ እያልን ጌታ ስለ መባ የተናገረው ላይ ደረስን። ታውቁታላችሁ፤ መባህን ይዘህ መሠዊያው ጋ ስትደርስ ወንድምህ እንደተቀየመህ ትዝ ካለህ፣ መባህን እዚያው ተወው፣ መጀመሪያ ሄደህ ታረቅ፣ ከዚያ መጥተህ ስጥ የሚለውን። አነበብኩት። አባዬ አልተረጎመም።

‹ኢራ ዴቢኢ ዱቢሲ› አለኝ፤ ድገመው ማለቱ ነው።

ደገምኩት። አሁንም አልተረጎመም።

‹ድገመው!›

ሰዉ ሁሉ ቀና አለ። ሦስተኛውን ስጀምር ‹ወንድምህ› የሚለው ላይ ድምፄ እምቢ አለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያልነካኝ ነገር መጣብኝ! ይሄ ለእኔ ነው፤ እግዚአብሔር ራሱ እኔን ገመቹን እያናገረኝ ነው!  ዓይኔን ከመጽሐፉ ሳነሳ በሩ ላይ ማን ቆሞ ልይ? ዳባ! ክብር ለስሙ ይሁን! እልል በሉልኝ እንጂ!

ከአምቦ ባኮ የሚነግድ ከድር የሚባል ባለ ሱቅ ጎረቤታችን አለ። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ባኮ ወርዶ ‹አባትህኮ ሰው የሚለየው በድምፅ ነው› ብሎት ኖሯል። ዳባ አባዬን ከሩቅ አይቶ፣ እኔ ሳላየው ሊመለስ ነበር የመጣው። በሩ ላይ ሲደርስ የሚሰማው የኔን ድምፅ ነው፤ የሚያየው የገዛ መጽሐፉን ነው፤ የሚነበበው ደግሞ ያ!

አባዬ አያይም። ‹ምነው ቆምክ?› አለኝ።

‹አባዬ፣ ዳባ መጥቷል።›

‹የት?›

‹በሩ ላይ።›

‹ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ? ያነበብከው ምን ይላል?›

ጌታ ሆይ! ጤፉን ትቼ፣ አባዬን ትቼ፣ መጽሐፉን በእጄ እንደያዝኩ በሰው መሐል ሄድኩ። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ያዘኝ። ‹ዳባ፣ ይቅር በለኝ። ከቤትህ አስወጥቼሃለሁ፣ መጽሐፍህንም ቀምቼሃለሁ› አልኩት። እሱ እያለቀሰ ምን አለኝ መሰላችሁ? ‹ጋሼ፣ እኔ ስድስት ዓመት በሌላ መጽሐፍ እያነበብኩ ስጸልይልህ፣ አንተ የኔን እዚህ ታነበው ነበር?› ተቃቅፈን ስናለቅስ እናቶች እልልታውን አቀለጡት። በጸሎት መሐል እልልታ! አባዬ በእጁ እየዳሰሰ መጣ፣ የዳባን ፊት ነካካና፣ ‹ፂም አውጥተሃል› አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞሮ፣ ‹በሉ፣ አሁን ሐኪም ቤት ውሰዱኝ› አለ።

ግን መጀመሪያ ተመልሼ ንባቡን ጨረስኩ። አባዬ ተረጎመ። ጤፌን ከዳባ ጋር ይዘን አቀረብን። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቆየሁ ሰው፣ ጌታን ያገኘሁት የዚያን ቀን ነው፤ በዚያው በጸሎት ቤታችን፣ በዚያው በዕለቱ ንባብ!

አዲስ አበባ ሁለታችን ወሰድነው። ተሠራለት። ፋሻው ሲፈታ ሐኪሟ ‹አባቴ፣ ምን ይታይዎታል?› አለችው። አባዬ ሁለታችንን አየን፣ ቆየ፣ ‹ሁለት ልጆች፤ ጎን ለጎን› አላት። ሐኪሟ ‹ትንሽ ቆይተው ቢመጡ ኖሮ አንደርስላቸውም ነበር› አለችን። ተመስገን ጌታዬ! ተመስገን!

አሁን ያችን ወረቀት አምጡልኝ! አምቦ በገባን በሳምንቱ አባዬ መነጽሩን አድርጎ፣ ‹እስቲ ሳላይ ምን ስታነብ ከረምክ?› አለና የአባ ሉቃን ወረቀት አስመጣ። አየው። እኔን አየኝ። መልሶ አየው። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፤ ዓይንህ ይጎዳል ብንለው እምቢ!

‹ገመቹ፣ ይሄኮ የፈረንጅ ቀን ነው! አባ ሉቃ የነሱን ፌብሩዋሪ ‹የካቲት› ብለው ነው የሚጽፉት። እኔ የካቲት ላይ ሁልጊዜ ሰባት ቀን ቀንሼ ነበር የማነበው። ላንተ መንገር ረስቼ!›

ገባችሁ? በብዙው ወር ቢሆን የወረቀቱ ቀን ሰኞ ወይ ማክሰኞ ላይ ይውልና እነቃ ነበር። የካቲት ላይ ግን ልዩነቱ ልክ ሰባት ቀን ስለሆነ፣ እሑዱ በእሑድ ላይ ገጠመ። ዓለም ሁሉ ባለፈው ሳምንት ያነበበውን እኛ ሳምንት ዘግይተን እናነባለን! አስተማሪው እኔ! በትክክል ቢሆን ያ ንባብ የሚነበበው የካቲት ስምንት ነበር። ‹የካቲት ስምንት?› አለ ዳባ፤ ‹ያኔ ከድር ገና አልነገረኝም። እኔ ባኮ ነበርኩ።›  ከዚያ ሦስታችንም በአንድ ላይ ተንበረከክን።

አባ ሉቃ ሲመጡ ጥፋቴን ነገርኳቸው፤ ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ጭንቅላታቸውን ይዘው ሳቁና ‹ከእንግዲህ ሁለቱንም ቀን እጽፋለሁ› አሉ። ቀጥለው፣ ‹ግን ይህን ስሕተት እኔ ማረም አልችልም› አሉኝ።

ወገኖቼ፣ ዛሬ በቤታችን መጽሐፍ ቅዱስ ጠረጴዛ ላይ ክፍት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረቤት ተሰብስቦ የነገውን ንባብ አስቀድሞ ያነባል፤ አባዬ በገዛ ዓይኑ ያነባል፣ ያላነበበች ነፍስ ከቤቱ አትወጣም! የውይይት ክበቡን ትቻለሁ፤ ካድሬው ጠርቶ ‹ምን ሆነህ ነው?› ሲለኝ ‹ታርቄ› አልኩት። የዳባን መጽሐፍ ልመልስለት ስል፣ ‹እዚያው ይነበብ› ብሎ ለጸሎት ቤቷ ሰጣት። ዳባ ከእናንተ ጋር ነው፣ እኔ ካቶሊክ ነኝ፣ እንከራከራለን፤ ዛሬም ምሳ ላይ ተከራክረናል። ግን አንድ ትሪ ላይ እየበላን ነው!

ጌታን እመኑት። በስሕተታችሁም ውስጥ ይደርሳል። ቃሉን ስታነቡ ለሌላ ሰው እንደተጻፈ አድርጋችሁ አትለፉት፤ እኔ ስድስት ዓመት አልፌዋለሁ፣ አባቴን ዓይኑን ሊያስከፍለው ነበር። አሁን እናንተን አባዬ የጠየቀኝን ልጠይቃችሁ። ያነበባችሁት ምን ይላል? ከናንተ መሐል ወንድሙን በር ላይ ያስቆመ፣ እህቷን ያልተቀበለች ካለ፣ ጸሎቱን እስክንጨርስ አትጠብቁ። አሁን ተነሱና ሂዱ። እኔና ዳባ በሩን ከፍተን እዚሁ እንጠብቃችኋለን።