ለእግዜር የተሰጠ ጠብ

ለታመመ ሰው እውነቱን መንገር ከበሽታው ቀድሞ መግደል ነው ይባላል። ውሸት ነው። እንዲህ የሚሉ ሰዎች የሚጠነቀቁት ለራሳቸው ይመስለኛል፤ ሊሞት መሆኑን ከሚያውቅ ሰው ፊት ለፊት መቀመጥ ያስፈራልና።

ባለፈው ክረምት ታላቅ እህቴ ከሆስፒታል ወጥታ ዘነበወርቅ ወዳለው ቤቷ ተመለሰች። ሐኪሙ ልጆቿን ኮሪደር ላይ ነጥሎ ከእንግዲህ የሚደረግ ነገር እንደሌለ ነግሯቸዋል። ለእሷ የተነገራት ግን ጉበቷ ትንሽ እንደደከመና እረፍት እንደሚያሻት ነው። ወንዱ ልጇ ኦርቶዶክስ፣ ሴቷ ጴንጤ ናቸው። እሱ በትንሽ ጀሪካን ጸበል ያመጣል፤ እሷ እጇን ጭና ትጸልያለች። ስለ ጾም ሳይጨቃጨቁ አብረው በልተው የማያውቁ ወንድምና እህት በአንድ ነገር ተስማሙ፦ እናታቸው እንደምትሞት አትሰማም።

ልጠይቃት ስሄድ ግቢው በር ላይ ያዙኝ።

"ጋሼ፣ እባክዎ፣ እንደ ልማድዎ አንድ ነገር እንዳይሉ" አለች የእህቴ ልጅ። "ከሰማች በዚያው ቀን ነው የምናጣት።"

"ሰማይ ቤት ነው የምትሄደው አላላችሁም?"

"ነው እንጂ!"

"ታዲያ የምሥራች ይደበቃል?"

ወንድምየው ክንዴን ያዘኝ። "ይሄን ክርክር ለጋዜጣ አምድዎ ያድርጉት፣ ጋሼ። ቢነግሯት ግን እዚህ ቤት አጎት የለንም።"

የቀልድ አልነበረም። እኔ ልጅ የለኝም፤ ያሉኝ እነሱ ናቸው። አፌን ልዘጋ ወስኜ ገባሁ።

ነፋሱ ከቆሼ የቆሻሻ ክምር በኩል ስለሆነ መስኮቱ ተዘግቷል። እህቴ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ቢጫ ሆኗል። አጠገቧ ያልተነካ ጨው አልባ ሾርባ አለ።

"አንተ፣ እነዚህ ልጆች ጓዳ እየገቡ የሚያለቅሱት ለማን ነው?"

"ሽንኩርት ይሆናላ።"

"ሾርባው ሽንኩርት የለውም።"

በሩ ገርበብ ብሏል። የልጅቷ ጥላ ወለሉ ላይ ይታየኛል፤ አይንቀሳቀስም። እህቴ ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ስዋሽ ታውቃለች።

"ልሞት ነው?"

"አዎ፣ እታለም።"

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ትንፋሿ ተቆራረጠ። የልጅቷ ማስጠንቀቂያ እውነት ሊሆን ነው ብዬ ደነገጥኩ። ውኃ ላቀብላት ስነሳ በእጇ ምልክት መለሰችኝ። ከዚያ ፊቷን ሳታዞር ተናገረች።

"አንተ እዚያ ምንም የለም ነው የምትለው፣ አይደል?"

"አላውቅም ነው የምለው።"

"ይሄን ሁሉ መጽሐፍ አንብበህ?"

"ሁሉም እዚህ ሆነው ነው እኮ የጻፉት።"

አልሳቀችም። "እኔም አላውቅም" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ይሄን ሁሉ ዘመን ሳስቀድስ ኖሬ። ለልጆቹ እንዳትነግር።" ወዲያው ደግሞ፣ "ያቺን ጎረቤቴን አስጠራልኝ" አለችኝ።

ማንን እንደሆነ አወቅሁ። የእህቴ ባል የሞተ ጊዜ፣ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ "በንዝንዝ ጨረሰችው" ያለችውን ሴት ነው። እህቴ ያን ጊዜ "ለእግዜር ሰጥቻታለሁ" ብላ ዝም አለች፤ ሰውም ትዕግሥቷን አደነቀ። እኛ አገር ጠቡን ለእግዜር የሰጠ ሰው ይቅር ያለ ይመስለናል። ይግባኝ ጠይቆ ቀጠሮ የሚጠብቅ ሰው ነው እንጂ።

"ልትታረቂያት ነው?"

"ምን ያስታርቀኛል! ለምን እንዳለችው ልጠይቃት ነው። እዚያ ፈራጅ ከሌለ በከንቱ ነው ዝም ያልኩት።"

ስወጣ ልጅቷ በሩ ላይ እያለቀሰች ቆማለች። "ገደሏት" አለችኝ።

"አልሞትኩም!" አለ ከውስጥ የእናቷ ድምፅ። "ሴትዮዋን ጥሩልኝ አልኩ!"

ወንድምየው ሊጠራ ሄደ። ወደ እኔ አላየም።

ጎረቤቷ ነጠላዋን እያስተካከለች ገባች። ለእርቅ የተጠራች መስሏት ፊቷን አለስልሳለች። "እንዴት ነሽ የኔ እህት፣ እግዜር ይማር..."

"ባሏን በንዝንዝ ጨረሰችው ብለሻል?"

"ኧረ በስመ አብ! ማን አለሽ?"

"ድንኳኑ ውስጥ። ንፍሮ እየቃምሽ።"

ሴትዮዋ ልጆቹን አየች፣ እኔን አየች፤ የሚያግዛት አጣች። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። "ብያለሁ" አለች በመጨረሻ። "አንዲት እንባ ሳይወጣሽ ድስት ስትቆጥሪ አየሁሽና ተናደድኩ።"

"የእድር ድስት ቢጠፋ አንቺ ልትተኪልኝ ነበር? ያለቀስኩት ሰው ከሄደ በኋላ ነው።"

"እኔ በምን ልወቅ?"

"ግድግዳ እኮ ነው የሚለየን! መጥተሽ አትጠይቂም?"

ያለቀሰችው ጎረቤቷ ናት። እህቴ አላባበለቻትም፤ ሌላ ጥያቄ ጨመረችባት። እስከ ምሳ ሰዓት ተነታረኩ። ሲበቃቸው ሳይሳሳሙ ተለያዩ። በማግስቱ ግን ሴትዮዋ ሳትጠራ መጣች፤ ሌሊቱን ያሰበችውን መልስ ይዛ። ከዚያም በኋላ ከሰዓት ከሰዓት ትመጣ ነበር። ይጨቃጨቃሉ፤ አንዳንዴ ሲስቁ ከግቢው በር ይሰማል። ጨው ያለው ወጥ ትሠራላት የነበረችውም እሷ ናት።

እህቴ መስከረም ሳይጠባ ሞተች። አፋጥኜው እንደሆነ አላውቅም። የእህቴ ልጅ እርግጠኛ ናት፤ እስካሁን አታነጋግረኝም። ወንዱ ሰላም ይለኛል፣ አይቀመጥም። ቅጣቱ አይገባኝም ብዬ አልከራከርም። ከሞት በኋላ ስላለው ነገር እነሱ ይመኑ፣ እኔ ልጠራጠር፤ ከሞት በፊት የቀረው ጊዜ ግን የእህቴ ነበር፣ እኛ ደግሞ ተመካክረን ልንወስድባት ነበር።

አንባቢዬ፣ እርስዎም ቤት በሹክሹክታ የምትከቡት ታማሚ ካለ፣ ንባቡን እዚህ ላይ ያቁሙና ገብተው ይንገሩት።