በቀኛቸው ጀምረው በግራቸው የጨረሱት መምህር

ሥራ የጀመርኩት በነሐሴ ዝናብ፣ ቤቴል አካባቢ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ተማሪዎቹ ለክረምት ተበትነዋል፤ ክፍሎቹን ፊልም ሠሪዎች ተከራይተዋቸዋል። ዳይሬክተሩ ዮናስ አንድ ደብተር፣ ሁለት እስክሪብቶና ትንሽ ፎቶ ካሜራ ሰጠኝና «ካሁን በኋላ ኮንቲኒቲ ነሽ» አለኝ። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኩት።

«የምናየውን ሁሉ ትጽፊያለሽ። የረሳነውን ታስታውሺናለሽ።»

ለዚህ ሥራ የታጨሁት በቤተ ክርስቲያናችን የኳየር ዩኒፎርም ኃላፊ ስለነበርኩ ነው። የዮናስ አክስት አብራኝ ትዘምር ነበር። አርባ ሰው መድረክ ላይ ቆሞ የአንዷ ሻርፕ ብቻ በተቃራኒ ትከሻ ከሆነ፣ በር ላይ ቆሜ አየዋለሁ። እሷ ይህን ነግራው ኖሯል።

ፊልም በቅደም ተከተል አይቀረጽም። ተዋናይዋ በሩን ስትከፍት ሰኞ፣ ገብታ ስትቀመጥ ሐሙስ ሊቀረጽ ይችላል። ተመልካቹ ግን ሁሉም በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሆነ እንዲመስለው ያስፈልጋል። ስለዚህ ቦርሳው በየትኛው ትከሻ እንደነበር፣ ብርጭቆው ምን ያህል እንደጎደለ፣ ሰሌዳው ላይ የትኛው ቀን እንደተጻፈ የሚመዘግብ ሰው አለ። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

የመጀመሪያው ሳምንት በስህተት የተሞላ ነበር። በታሪኩ ወሩ ጥር ነው፤ ግቢው ግን ሣር በሣር ሆኗል። ለዮናስ ነገርኩት። «ዘበኛው ውኃ ያጠጣው ነበር በይ» አለኝ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ደግሞ እኛ «ዳይሬክተር» ስንል ሰምተው፣ የሽንት ቤት ቁልፍ በጠፋ ቁጥር ለዮናስ ሪፖርት ያደርጉ ጀመር።

ዋናዋን ተማሪ የምትጫወተው ሊያ ቅዳሜና እሑድ የእህቷ ምርቃት ነበረባት። ዓርብ በቀጭን ሹሩባ ሄዳ ሰኞ በወፍራም ተመለሰች። እኔ የዚያን ዕለት አየር ጤና ላይ ታክሲ አጥቼ ዘገየሁ። ስደርስ አንድ ሾት ተቀርጿል። ጦር ኃይሎች ፀጉር ቤት ሄዳ እንደ ገና እስክትሠራ ግማሽ ቀን ቁጭ አልን፤ ያ አንዱ ሾት ግን እስከ ዛሬ ፊልሙ ውስጥ አለ። ልጅቷ በቀጭን ሹሩባ ከክፍል ወጥታ ኮሪደሩ ላይ በወፍራም ታለቅሳለች። እሱ የእኔ ጥፋት ነው።

አሁን ወደ ጋሽ ተካልኝ ልምጣ።

ጋሽ ተካልኝ የድሮ የመድረክ ተዋናይ ናቸው። በፊልሙ ጡረታ ሊወጡ አንድ ወር የቀራቸውን መምህር ይጫወታሉ። ፊልሙን የተሸከሙት እሳቸው ናቸው። ጠዋት ከሁሉ ቀድመው ይመጡና ባዶው ክፍል ውስጥ ለባዶ ዴስኮች ያስተምራሉ። ስገባ ካዩኝ «ዘገየሽ፣ ተቀመጪ» ይሉኛል።

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ የመጨረሻውን ትምህርት ትዕይንት ከሩቅ ቀረጽን። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ረዥም ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ። ደብተሬ ላይ «ጠመኔ በቀኝ እጅ» ብዬ መዘገብኩ። ዓርብ ያንኑ ትዕይንት ከቅርብ ልንቀርጽ ስንል ጠመኔውን በግራቸው አነሱ።

በእኛ ሥራ ቀረጻ የሚያስቆመው ዳይሬክተሩ ብቻ ነው። ሄጄ ለዮናስ በጆሮው ነገርኩት።

«ጋሽ ተካልኝ፣ ሰኞ በቀኝዎ ነበር» አላቸው።

«ይቅርታ ልጆች» አሉና ወደ ቀኝ አዛወሩት። ጠመኔው ወደቀ። አነሱት፤ እንደ ገና ወደቀ። ተማሪ ሆነው የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። እሳቸውም ሳቁና «ጠመኔው እርጥብ ነው» አሉ። እኔ «ጠመኔ በግራ፤ የተዋናይ ስህተት» ብዬ ጻፍኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሪፖርቱን ለማዘጋጀት ስለ ጋሽ ተካልኝ የመዘገብኩትን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ማክሰኞ፦ «በቀኝ እጅ የሚቆለፈው የግራ እጅጌ ቁልፍ ተከፍቷል፤ እኔ ቆለፍኩት።» ረቡዕ፦ «ቃል ተኮላተፈ፤ ድምፅ ቀራጩ አስደገመ።» ሐሙስ፦ «የሻይ ብርጭቆ በግራ፤ ቀደም ሲል በቀኝ ነበር።» ዓርብ፦ ጠመኔው። አራቱንም በተለያየ ቀን «ስህተት» ብዬ ነው የጻፍኩት። አንድ ላይ ሳያቸው አባቴ ትዝ አሉኝ።

ስትሮክ ሲጀምራቸው ነጠላ ጫማቸው ከቀኝ እግራቸው እየወለቀ ይቀር ነበር። እኛ ሰፍቷቸው ነው ብለን ጠበብ ያለ ገዛንላቸው። በአዲሱ ጫማ ብዙም አልሄዱም።

ጋሽ ተካልኝ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። እንጀራው ፊታቸው እንዳለ አለ።

«ጋሼ፣ እጅዎን ምን ሆነው ነው?»

«ምንም። ብርዱ ነው።»

«እስቲ በቀኝዎ ይጨብጡኝ።»

ጨበጡኝ። የሕፃን እጅ ይመስል ነበር። ዓይኔን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስሚ ልጄ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወይ ዘበኛ ሆኜ በር ከፍቻለሁ፣ ወይ የሙሽራ አባት ሆኜ መርቄ ወጥቻለሁ። ገና አሁን ነው ቤቱ ውስጥ ገብቼ የተቀመጥኩት። የቀረኝ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ከተናገርሽ በሌላ ሰው ይተኩኛል።»

«ከወደቁስ?»

«ከወደቅሁ መምህሩ ወደቀ ነው የሚባለው። አንቺ ብቻ ዝም በይ።»

ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ሰው ሲለምን ዝም ማለት ለእኔ ቀላል ነበር፤ አስተዳደጌም ታላቅን እሺ ማለት ነው። ግን የአባቴ ጫማ ዓይኔ ላይ ሄደ።

ዮናስ ጋ ሄድኩ። ካሜራ ማኑ መብራቱን ጨርሶ እየጠበቀ ነበር።

«ሰብለ፣ አሁን አይሆንም» አለኝ። «እዚህ ክፍል ውስጥ ሁለት ሾት ብቻ ቀርተውኛል። ሰኞ የተማሪዎች ምዝገባ ይጀምራል፤ ክፍሉን እናስረክባለን።»

«እነዚህን አራት ገጾች አንብብና ያልከኝን አደርጋለሁ።»

እንደ ቆመ አነበበ። ሦስተኛውን ገጽ ሲገልጥ ፊቱ ተለወጠ። ደብተሩን መለሰልኝና ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ «ቀረጻ ቆሟል። ሹፌሩን ጥሩልኝ» አለ።

ጋሽ ተካልኝን በፕሮዳክሽኑ ሚኒባስ እዚያው ቤቴል ወዳለ ክሊኒክ ወሰድናቸው። ክሊኒኩ ወዲያው ሆስፒታል ላካቸው። ሐኪሙ ጭንቅላታቸው ውስጥ የደም መርጋት መኖሩን፣ ከዚህ የከፋው ሊከተል ይችል እንደነበር ነገረን። ጋሽ ተካልኝ ግን በዊልቸር ሲገቡ አንድ ቃል ብቻ አሉኝ፤

«ከዳሽኝ።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ መጥተው አቅፈውኝ አለቀሱ። ያ አላጽናናኝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ እየሄድኩ ጋሽ ተካልኝን ጠየቅኋቸው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። በአራተኛው ሳምንት ስገባ «ዘገየሽ፣ ተቀመጪ» አሉኝ። ተቀመጥኩ።

ፕሮዲዩሰሩ ሌላ ተዋናይ ተፈልጎ ሁሉም እንደ አዲስ ይቀረጽ አለ። ዮናስ እምቢ አለ። «እጠብቃቸዋለሁ» ብሎ እስከ ኅዳር ጠበቀ። ትምህርት ተከፍቶ ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ እንድንገባ ተፈቀደልን። ሣሩ በዚያን ጊዜ ደርቋል፤ ስለዚህ በፊልሙ ውስጥ አንዱ በር አረንጓዴ ግቢ ላይ ተከፍቶ ቢጫ ግቢ ላይ ይዘጋል።

ጋሽ ተካልኝ በምርኩዝ መጡ። ንግግራቸው ተመልሷል፤ ቀኝ እጃቸው ግን አልተመለሰም። እኔ ከጀርባ እንቅረጻቸው፣ እጃቸው አይታይ የሚል ሐሳብ አቀረብኩ። ዮናስም ተስማማ። እሳቸው አልተስማሙም።

«የምጽፈው እኔ ነኝ ወይስ ጀርባዬ?» አሉ። «በግራዬ እጽፋለሁ። አሳዩኝ።»

በግራቸው ጻፉ። ፊደሎቹ ተንጋደዱ፤ መስመሩ ወደ ታች ወረደ። ክፍሉ ውስጥ የሳቀ አልነበረም። በአንዴ አለቀ፤ ሁለተኛ አልደገምንም። ደብተሬ ላይ «ጠመኔ በግራ» ብዬ ጻፍኩና ፊት ለፊቱ ምንም አልጨመርኩም።

ፊልሙ ሲታይ ነገሩ ግልጽ ሆኖ ወጣ። መምህሩ ዓረፍተ ነገሩን በቀኛቸው ጀምረው በግራቸው ይጨርሱታል። ጽሑፉ መሐል ላይ የሌላ ሰው ይሆናል። ሲኒማ ቤት ውስጥ አንዳንዱ ተንሾካሾከ። አንድ የሬዲዮ አቅራቢ ደግሞ መምህሩ ለድሮውም ለአዲሱም ትውልድ እኩል እጁን መዘርጋቱን የሚያሳይ ጥልቅ ምልክት ነው ብሎ ሰፊ ማብራሪያ ሰጠበት። ዮናስ ስልክ ደውሎ «ሰማሽ? ጠቢብ ሆነናል» አለኝ።

ዛሬ ፊልሙን ወጣቶች በስልካቸው እያቆሙ ያዩታል። በቅርቡ አንዱ የፊልሙን ስህተቶች ዘርዝሮ ቪዲዮ ሠርቷል። ሣሩን አግኝቶታል፤ ሹሩባውን አግኝቶታል። ጠመኔውን አንደኛ አድርጎ «ኮንቲኒቲው ተኝቶ ነበር» ብሏል። አሁን ለዚሁ ሥራ የማሠለጥናቸው ልጆች አይተውት ተናደዱልኝ፤ መልስ ስጪ አሉኝ።

መጀመሪያ ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ጋሽ ተካልኝ ቤት ሄጄ አስፈቀድኳቸው። አሁን ሰማንያን እየተጠጉ ነው። ቪዲዮውን አሳየኋቸው፤ ሁለት ጊዜ አዩት።

«ልጁ ዓይን አለው» አሉ። «ያየው ልክ ነው። ያላወቀውን ንገሪው።»

«የርስዎን ሕመም አደባባይ ላወጣው?»

«ያኔ ደብቂልኝ ያልኩሽን ደብቀሽልኝ ቢሆን አሁን ማንን ታስፈቅጂ ነበር?»

እነሆ ነገርኩ። ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህ ነው። አንድ ሰው ላይ የተለወጠ ነገር ስታዩ መጀመሪያ ሰውየውን ጠይቁት፤ ስህተት ብላችሁ መጻፍ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። እኔ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ አራት ጊዜ ጽፌ ነው አንድ ጊዜ የጠየቅኩት። ማክሰኞ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ እጃቸው ሊድን ይችል እንደነበር ሐኪሙ ነግሮኛል።