ወደ ኋላ የተመለሰችው ቀይ ላም

ባለፈው ዓመት፣ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ እዚሁ ነገሌ የከብት ገበያው ሜዳ ላይ የአባቴ ግንባር ተፈነከተ። ዱላው የተነሣው በተሣለች ላም ምክንያት ነው። ይህን ሳወራ የሚያምነኝ ስለማላገኝ ልጽፈው ቆረጥኩ። መጻፍ እንደምችል ያወቅሁትም በቅርቡ ነው።

የዚያን ቀን አቶ ጌታሁን የሚባል ሲኒማ የሚያሳይ ሰው በላንድሮቨር መጣ። የመጣውም ሕዝቡ ከብቱን እንዲያስከትብ ሊመክር ነው። ባርኔጣው ከራሱ አይወርድም። ከሰዓት በኋላ መጋዘን ውስጥ ማሽኑን ሲሞክር እኛ ተማሪዎች ከበብነው። ፊልሙ በሙሉ የተሣለ ነበር። ጥብጣቡን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አሳየን። ትንንሽ ላሞች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዷ ከጎረቤቷ እግሯን ትንሽ ከፍ ታደርጋለች እንጂ ሌላ ልዩነት የላቸውም።

«ቶሎ ቶሎ ሲያልፉ ላሟ የምትሄድ ይመስላችኋል» አለን።

አንዲት ቁልፍ ሲያዞር ደግሞ ሁሉ ነገር ወደ ኋላ ይሄዳል። እኔንም አስሞከረኝ።

ሲመሽ ሜዳው ሞላ። አባቴ መምህር ስለሆነ ፊልሙ ከሚታይበት ነጭ አቡጀዲ አጠገብ ቆሞ በኦሮምኛ ይተረጉም ጀመር።

አንዲት ቀይ ላም ታየች። ከመንጋው ለይተን እንድናውቃት ሠዓሊው ጆሮዋን ሰንጥቆ ሥሏታል። ባርኔጣ ያደረገ ሰው በዱላ እየነዳ ሳትከተብ ወሰዳት። በሽታው ጥርስ ያለው ጥቁር ጭስ ሆኖ በአፍንጫዋ ገባ። ከዚያ ቆዳዋ እንደ መስታወት ሆነና ጭሱ አንጀቷን ሲበላ ታየ። ላሟ ወደቀች።

ይሄኔ ኦቦ ዲዳ የሚባሉ ከብት አርቢ ብድግ አሉ። በዚያ ሰሞን ቀይ ላም ጠፍታባቸው ሜጋ ከተማ ድረስ ሄደው ፈልገዋታል። እዚህ አገር የከብት ጆሮ ዝም ብሎ አይሰነጠቅም፤ እያንዳንዱ ጎሳ የራሱ አቆራረጥ አለው። ሠዓሊው ለካ ሳያውቅ የእሳቸውን ጎሳ ምልክት ሥሏል።

«ጆሮዋን እዩ፤ የእኔ ናት» አሉ።

«ኦቦ፣ ሥዕል እኮ ናት» አላቸው አባቴ።

«ሥዕል ከሆነች ስለ ጆሮዋ ለሠዓሊው ማን ነገረው?»

የኦቦ ዲዳ ልጆች ዘወር ሲሉ የአቶ ጌታሁንን ባርኔጣ አዩ።

«ሌባው ይኸውላችሁ!»

ጎትተው ጣሉት። ዱላው ጀርባው ላይ ሲያርፍ ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ይገባ ነበር። አፉ ደም ሞላ። አባቴ ሊከላከልለት ላዩ ላይ ሲወድቅ አንዱ ዱላ ግንባሩን አገኘው፤ ደሙ ነጭ ሸሚዙን አራሰው። «ተዉት» ብዬ ጮህኩ፤ የሰማኝ የለም። ኦቦ ዲዳ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው አንሥተው በአባቴ ራስ ላይ ቆሙ።

ማሽኑ አሁንም ይሠራ ነበር። ሮጬ ቁልፏን አዞርኩና «ኦቦ፣ እዩዋት» አልኩ በኦሮምኛ።

የወደቀችው ላም ተነሣች። ቆዳዋ ተዘጋ። ጭሱ በአፍንጫዋ ተመልሶ ወጣ። ባለ ባርኔጣው ሰውዬ የኋሊት እየተራመደ ላሟን መንጋዋ ውስጥ ከተታትና ጠፋ። የሚደበድቡትም ዱላቸውን ትተው ወደ ሥዕሉ ዞሩ።

«ሌባ በቂጡ ሄዶ ሲመልስ ዛሬ አየሁ» አሉ አንዲት አሮጊት።

ኦቦ ዲዳ ዱላቸውን ቀስ ብለው አወረዱና ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ የእኔንም እንዲህ ትመልሺያታለሽ?»

«እኔ የምችለው የተሣለችውን ብቻ ነው፣ ኦቦ።»

መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ተነሡና የራሳቸውን ጥምጥም ፈትተው የአባቴን ግንባር አሰሩለት።

አቶ ጌታሁን ሲሄድ የፊት ጥርሱ ጎድሎ፣ ባርኔጣውን መኪናው ውስጥ ደብቆ ነበር። ከፊልሙ ትንሽ ቁራጭ ሰጠኝ። ወደ ፀሐይ ሳነሣው ባለ ባርኔጣው ዱላውን ላሟ ላይ እንዳነሣ ነው፤ አይወርድም።

የአባቴን ጠባሳ የሚመልስ ቁልፍ የለም። ግን እሱ አሁን ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ ከኋላ ሆኜ አየዋለሁ፤ ያ የመጨረሻው ዱላ ሳይወርድ የቀረው በእኔ እጅ ነው። ይህን ሳስብ ደስታዬን የት እንደማደርገው አላውቅም።